«ግዴታ» የሚለው ቃል ይታረም

ክቡር አዘጋጅ፣

በካሊፎርኒያ ወላጆች ክፍል ገብተው ስለሚያግዙባቸው ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ በነጻ የሚያስተምሩ፣ ግን በራሳቸው የሚተዳደሩ) ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቤት ያናጋል፤ «ወላጅ ሰዓቱን ማገልገል ግዴታው ነው፤ ካላሟላ ልጁ ቦታውን ያጣል» ይላል። ስሕተት ነው።

ካሊፎርኒያ የቻርተር ሕጓን ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ነው፤ ከሚኒሶታ ቀጥላ ሁለተኛ። ከዚያ ወዲህ ወላጅን በሰዓት ኮታ ያስፈረሙ ትምህርት ቤቶች በእርግጥ ነበሩ፤ ላልሠራኸው ሰዓት ገንዘብ ክፈል ያሉም አልጠፉም። ዘጋቢያችሁ የያዘው ያን የቆየ ወረቀት ይመስላል። በ2015 የግዛቲቱ ትምህርት መምሪያ ኮታው ሕገ ወጥ ነው ብሎ አሳሰበ። በ2017 የጸደቀው ኤቢ 1360 የተባለው የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ ጉዳዩን ዘጋው፦ ትምህርት ቤቱ ወላጅን ማበረታታት ይችላል፤ ነገር ግን ተሳትፎ ለመግባትም ሆነ ለመቆየት ቅድመ ሁኔታ አለመሆኑን ለወላጆች ማሳወቅ አለበት። አመልካች ከቦታው ከበለጠ የሚለየው በይፋ በሚወጣ ዕጣ ነው።

ለእኛ ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። ሎስ አንጀለስና ሳን ሆዜ ካለው ወገናችን ስንቱ ታክሲ ሲነዳ፣ ስንቱ አረጋውያን ሲጦር አድሮ ነው ጧት ልጁን የሚያደርሰው! «ግዴታ» የሚለውን ሲያነብ ቅጹን ሳይሞላ ይተወዋል፤ ዕጣውም ያልፈዋል። ስለ እንዲህ ያለው ወላጅ በዘገባችሁ አንድ መስመር የለም።

ተሳትፎውንስ እንዴት ወደ «ጽዳትና ገንዘብ ማሰባሰብ» አወረዳችሁት? ልጅ በእጁ እየሠራና እየጠየቀ ይማር ከተባለ፣ አንዲት መምህርት ብቻዋን ለክፍሉ ሁሉ አትዳረስም። ስለዚህ ልጆቹ አምስት ስድስት እየሆኑ ይቀመጡና ወላጅ አንዱን ጠረጴዛ ይይዛል። ትምህርቱን የምታቅደው መምህርቷ ናት። ወላጁ አስቀድሞ ከቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) ነጻ ለመሆኑ ማረጋገጫ ያቀርባል፤ የዕለቱንም ሥራ ልጆቹ ሳይገቡ ከእሷ ይረዳል። ነገሩ የሚበላሸው ወላጅ የራሱ ልጅ ካለበት ጠረጴዛ አልነሳ ሲል ነው፤ ሌሎቹ ይረሳሉ። ከዚያ የባሰው ደግሞ መልሱን መንገር ነው፤ የተነገረው ልጅ ማሰቡን ያቆማል። «ይኼ ለምን ሆነ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ነው ሥራው፤ ለዚህ እንግሊዝኛ መራቀቅ አያሻም። ክፍል መግባት የማይመቸው ለትምህርቱ የሚቆረጠውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ ያዘጋጃል። ማንኛውንም ያልቻለ ወላጅ ልጅ ግን ከመማር የሚያግደው የለም።

እርምቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ አውጡልን።

ወላጆች፣ ከሎስ አንጀለስ