የወፍ ቆሎን አብረን እንንቀል

የወፍ ቆሎ ሲያብብ ያምራል። በአንዲት የአበባ ጉንጉን ላይ ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ሮዙ ጎን ለጎን ይታያሉ። ላንታና ካማራ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ይህ ተክል ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ውበቱ ስለተወደደለት ነው። ዛሬ ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አደገኛ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

እኛ መሬታችን የሚዋሰንና ይህ ቁጥቋጦ ዙሪያችንን የከበበን ጎረቤታሞች ነን። ተባብረን ልንነቅለው ተስማምተናል። አቅማችን ብቻውን ስለማይበቃ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን እሳት ነው። ቁጥቋጦው ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን ብታዩት ግን የደረቀና እርስ በርሱ የተቆላለፈ ጭራሮ ሞልቶበታል። ሣር ብቻ ባለበት ቦታ እሳት መሬት ለመሬት ሮጦ ያልፋል፣ ትልልቅ ዛፎችም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። የወፍ ቆሎ በዛፉ ላይ ከተጠላለፈ ግን ነበልባሉ መሰላል እንዳገኘ ሁሉ እስከ አናቱ ይወጣል። አቃጥለን እንገላገለው የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ፣ ይህ መፍትሔ አይደለም። ከላይ ቢነድም ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። አገር በቀሎቹ ገና ሳያገግሙ ባዶውን መሬት ይይዝና ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ይሆናል።

ለከብትም መርዝ ነው። ቅጠሉ ጉበት ይጎዳል፣ የበላችውን ላም ፀሐይ ሲመታት ቆዳዋ ይቆስላል። ከብቶች ብዙ ጊዜ ይሸሹታል። ግጦሽ ሲጠፋ ግን ምን ያድርጉ?

አብረን የምንሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ተክል በዓመት እስከ 12,000 ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ፍሬው በስሎ ሲጠቁር ወፎች ይለቅሙትና ዘሩን ሄደው ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ወፍ ደግሞ አጥር አያግዳትም። አንዱ ለፍቶ ቢያጸዳና ጎረቤቱ ቢተወው፣ ዝናብ ሲጥል ችግኙ ተመልሶ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚታየውም ወፎች በሚያርፉባቸው ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው።

ከላይ ከላይ መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው። ሕንድ ውስጥ ተሞክሮ ውጤት ያስገኘውን መንገድ እንከተላለን። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አፈሩ ይጫርና ዋናው ሥር ከመሬት በታች በዶማ ይቆረጣል። ከዚያ ቁጥቋጦው ተገልብጦ ሥሩ ወደ ላይ እንደሆነ ይደርቃል። ይህ የሚደረገው አለምክንያት አይደለም፤ እርጥብ መሬት የነካ ቅርንጫፍ አዲስ ሥር ያበጃል። ሥራውን የምንጀምረው ቁጥቋጦው ከሳሳበት ነው፤ ጥቅጥቅ ወዳለው ቀስ እያልን እንገባለን። ተዳፋቱን በአንድ ጊዜ አንመነጥረውም፣ አፈሩ ይታጠባል።

በደቡብ ሕንድ የሶሊጋ ማኅበረሰብ ሰዎች ከግንዱ ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራሉ። እኛም የተነቀለውን ለሚጠቅም ነገር ብናውለው ደስ ይለናል። ገቢ ያመጣል ብለን ግን አንዱንም ቆሞ አንተወውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመጀመሪያው ነቀላ ብዙ ወጪ የለውም፣ ጉልበቱ አለን። የሚከብደው ተመልሶ መምጣት ነው። በተጸዳው ቦታ ላይ ቡቃያው ገና በእጅ የሚነቀል ሳለ ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚከሽፈው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ለዘመቻው ቀን ይወጣል፣ በዓመቱ ማንም የለም። ስለዚህ ከምትሰጡን ብር ትልቁ ድርሻ የክትትል ሠራተኞች ደመወዝ ይሆናል። የቀረው ለዶማ፣ እሾህ ለማያሳልፍ ወፍራም ጓንት፣ እንዲሁም ባዶውን መሬት ቶሎ ለሚሸፍን አገር በቀል ሣርና ችግኝ ይውላል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ለሰጪዎች ሁሉ እናሳውቃለን።

ገንዘብ የሌለው መሣሪያ ያውሰን፣ ችግኝ ያፈላ ችግኝ ይስጠን፣ ጉልበት ያለው አንድ ቀን ይሰጠን። በተለይ መሬታችሁ ከእኛ ጋር የሚዋሰን ሆኖ እስካሁን ያልተቀላቀላችሁ፣ ከብራችሁ በፊት ፈቃዳችሁን እንፈልጋለን። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሥሩ በቀላሉ የሚወጣበት ጊዜ አጭር ነው፤ ፍሬው ሳይበስል መጀመር አለብን። የምታዋጡትን በዚህ ሳምንት ብታሳውቁን ሥራውን በዚያው ልክ እናቅዳለን።