ማን፣ የት፣ መቼ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች የሚመራ ሲሆን፣ ሥራውም በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ፣ ተማሪው ከሰልፍ ሳይበተን፣ የዕለቱን ማስታወቂያና አጭር ዝግጅት ማቅረብ ነው። የተሰጠን ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። የመንዝን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ጊዜው ለምን እንዳጠረ አይጠይቀንም፤ የ1ኛ ክፍል ልጆች እጃቸውን በጋቢያቸው ሸሽገው እየተንቀጠቀጡ ነው የሚያዳምጡት።

ዓመቱን የጀመርነው በቀድሞው ልማድ ነበር፦ መምህራን የጻፉትን ወረቀት ተማሪዎች ተቀብለው ያነባሉ። ይህን የለወጠው በኅዳር የደረሰብን ስሕተት ነው። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ እንደሚካሄድ የሚገልጽ፣ ዓርብ ሊነበብ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ሐሙስ ተነበበ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ «ነገ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። በማግስቱ ወላጆች የገብስ አጨዳቸውን አቋርጠው፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መጡና የሚሰበስባቸው አጡ። ወረቀቱን ሳልመለከት ለአንባቢዋ የሰጠኋት እኔ፣ ክበቡን የምከታተለው መምህር፣ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሆኖም ሰኞ ጠዋት የ5ኛ ክፍሏ አንባቢ ማንም ሳያዛት ወደ ፊት ወጥታ፣ የተሳሳተውን ቀንና ትክክለኛውን ለይታ ተናገረች፤ ወላጆችንም በክበቡ ስም ይቅርታ ጠየቀች። እንደዚያ ዕለት ጸጥ ያለ ሰልፍ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያውን የሚጽፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ወሬውን ከቢሮ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከጥበቃው ዘንድ እየጠየቁ ያመጣሉ፤ በመዝገብ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፤ ሌላ አባል አጣርቶ ካልፈረመበትም አይነበብም። «ነገ» የሚለው ቃል ቀርቶ የዕለቱ ስም ከነቀኑ ይጻፋል።

የካቲት 23 ለሚከበረው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ዝግጅት ስናደርግ ይህ ሥርዓት ያልጠበቅሁትን ፍሬ አፈራ። ዓፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ያስነገሩትን የክተት አዋጅ በክበቡ ስናነብ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ከሚያዘው ቦታ ላይ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ አስቆመኝና፣ ማን፣ የት፣ መቼ የሚሉት ሦስቱም አሉበት አለኝ። በነጋሪት እየተጎሰመ በየገበያው የሚነገር ቃል አንዲት ቀን ቢስት ሠራዊቱ ምን ይሆን እንደነበር ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ተወያዩበት። ከታሪክ ትምህርት ክፍለ ጊዜዬ አንዱም እንዲህ ያለ ጥያቄ አላስነሳልኝም።

ሌላው የሚያኮራኝ ሥራ የጓሳው ነው። በመንዝ በሚገኘው በጓሳ የጥበቃ ሥፍራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ በዱር የቀሩትም 500 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በመሆኑ፣ አባላቱ የውሻ ክትባት የሚሰጥበትን ቀንና ቦታ ከቀበሌ ጠይቀው ሦስት ጠዋት ደጋግመው አስታወቁ። ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ እየሳቡ ሲሄዱ በመንገድ ላይ አየኋቸው።

መብራት በሚጠፋባቸው ጠዋቶች ድምፅ ማጉያው አይሠራም። አንባቢዎቹ በደረጃው ላይ ቆመው ነፋሱን በጀርባቸው ማድረግን፣ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻም መተንፈስን ስለተማሩ ድምፃቸው እስከ ኋለኛው ረድፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገናል፤ ለወላጅ መምህር ኅብረትም ጥያቄያችንን አቅርበናል።

6ኛ ክፍልን ጨርሰው የሚለዩን አባላት በሰኔ ወር መዝገቡን ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል። አዲሶቹ ተረካቢዎች የመስከረሙን የመጀመሪያ ማስታወቂያ ከወዲሁ ጽፈውታል፤ የቀኑን ቦታ ግን ትምህርት የሚጀመርበት ዕለት ከቢሮ እስኪነገራቸው ድረስ ባዶ ትተውታል።