ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ሲጻፍ ቀኖቹም ይጻፉ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ስላለው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መብት በአማርኛ ሲጻፍ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በፊርማ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የትምህርት ሕግ ፈረሙ ተብሎ ይታለፋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ቀኑ ትክክል ነው። ግን ሕጉ ከላይ የወረደ ስጦታ የሚመስለው ወላጅ ትምህርት ቤት ሲሄድም ስጦታ ይጠብቃል፤ እስኪጠሩት ቁጭ ይላል። ሕጉ የተጻፈው ለሚጠብቅ ሳይሆን ለሚጠይቅ ወላጅ ነው። ምክንያቱን የሚያሳየው ደግሞ ከፊርማው በፊት ያለው ታሪክ ነው።

በፔንሲልቬንያ አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ጊዜ «የአእምሮ ዕድሜው» 5 ዓመት አልሞላም ከተባለ ትምህርት ቤቱ እንዳይቀበለው የግዛቱ ሕግ ይፈቅድ ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች በማኅበራቸው በኩል ግዛቱን ከሰሱ። ጉዳዩ በ1971 በስምምነት ተቋጭቶ በ1972 በፍርድ ቤት ጸና። ልጆቹ የመማር መብት አገኙ፤ ከዚያ ባላነሰ ደግሞ ወላጅ ሳይነገረውና ሳይሰማ የልጁ ምደባ እንዳይቀየር ታዘዘ። በዚያው 1972 በዋሽንግተን ዲሲ በ7 ልጆች ስም የቀረበው የሚልስ ክስ ተፈረደ። የትምህርት ቦርዱ መከራከሪያ ገንዘብ የለንም የሚል ነበር። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ ይህን አልተቀበሉም፦ ገንዘቡ ካልበቃ፣ ያለው ማንም ልጅ ጨርሶ ሳይገለል ይከፋፈል፤ ጉድለቱ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ከሌሎቹ በባሰ ሊያርፍ አይችልም አሉ። ዛሬም «በጀት የለንም» ለሚል መልስ ከዚህ የተሻለ ምላሽ አላውቅም።

ኮንግረሱ በ1975 ሲሰበሰብ ከ8 ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንዳሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገባቸውን ትምህርት እንደማያገኙ፣ 1 ሚሊዮኑ ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ እንደሆኑ በሕጉ ውስጥ አሰፈረ። ለወላጅ የሚሰጠው ማስታወቂያ፣ የወላጁ ፈቃድ፣ አቤቱታው የሚሰማበት ችሎት ሁሉ ከነዚያ ሁለት ፍርዶች የተወረሱ ናቸው። ሕጉ በወረቀትና በቀን ቆጠራ የተሞላው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ባይኖርስ? አንቀጽ 504 ይመሰክራል። በ1973 በወጣው በሌላ ሕግ፣ በአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ፣ ውስጥ ያለው ይህ አንቀጽ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት ማንንም እንዳያገል የሚከለክል አጭር ድንጋጌ ነበር። ማስፈጸሚያ ደንቡ ሳይፈረም ወደ አራት ዓመት ገደማ ስለቆየ በተግባር የሞተ ያህል ነበር። በኤፕሪል 1977 አካል ጉዳተኞች፣ ከመሪዎቻቸው አንዷ ጁዲት ሂውማን፣ በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ሕንፃ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ። የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስትሩ ካሊፋኖ ደንቡን የፈረሙት ኤፕሪል 28 ነው። በ1990 የጸደቀው ሰፊው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በዚህ ላይ ተገነባ፤ የ1975ቱ የትምህርት ሕግም በዚያው ዓመት የአሁኑን ስሙን ሲያገኝ ኦቲዝም በስም ተጠቅሶ ገባ።

አንድ ያልተፈጸመ ቃል አለ። ኮንግረሱ ለእያንዳንዱ የልዩ ፍላጎት ተማሪ፣ በአገሪቱ ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ገንዘብ የፌዴራል መንግሥት እንዲሰጥ አስቦ ነበር። እዚያ ደርሶ አያውቅም። ትምህርት ቤቶች ጉዳዩን የሚያጓትቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለልጁ ግን ምክንያት አይሆነውም።

አሁን ወደ ቀኖቹ። ለአስተማሪ በቃል መናገር ጥሩ ነው፤ የሚያስጠይቅ ማስረጃ ግን አይተውም። ልጁ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ የሚያጣራው ግምገማ እንዲደረግ ጥያቄው ቀን ተጽፎበት በደብዳቤ ይግባ፣ ቅጂው ቤት ይቀመጥ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቆጠራው ላይ ነው፦ ግዛቱ የራሱ የጊዜ ገደብ ከሌለው በቀር፣ የፌዴራሉ 60 ቀን የሚቆጠረው ደብዳቤው ከገባበት ሳይሆን ወላጁ የፈረመው የግምገማ ፈቃድ ትምህርት ቤቱ ከደረሰበት ቀን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ገብቶ የፈቃድ ቅጹ ካልመጣ፣ ቅጹን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንገመግምም ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ልጁ አገልግሎቱ ይገባዋል ከተባለ በ30 ቀን ውስጥ የአይኢፒ፣ ማለትም የልጁ የግል ትምህርት ዕቅድ፣ ስብሰባ ይደረጋል። ዕቅዱ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል፤ ግምገማው ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይደገማል፣ ወላጁና ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በቀር። ለግምገማ የተሰጠ ፈቃድ አገልግሎት ለመጀመር አያገለግልም፤ ለዚያ ሌላ ፈቃድ አለ። ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ ብሎ መፈረምም ከሁለቱም የተለየ ነው። በአማርኛ ሦስቱንም «ፈርሙ» ስለምንላቸው ይምታታሉ።

ቋንቋውን በሚመለከት ሁለት ተቃራኒ ጥፋት ይደርሳል። አንዱ እንግሊዝኛ ስላልያዘ ብቻ ልጁን አካል ጉዳተኛ ማለት ነው። ይህ በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ግምገማውም የልጁን ትክክለኛ ችሎታ በሚያሳይ ቋንቋ መደረግ አለበት። ሁለተኛው «ቋንቋው ሲገባው ይስተካከላል» እያሉ ዓመት ማሳለፍ ነው፤ እኔ ይህኛውን የበለጠ እፈራለሁ፣ ለልጅ የጠፋ ዓመት በቀላሉ አይመለስምና። ለስብሰባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ታላቅ ወንድም ወይም እህት መሐል ገብተው እንዲያስተረጉሙ መፍቀድ አያስፈልግም።

የዕቅዱን ይዘት በተመለከተ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 መስማት የተሳናት ተማሪ ኤሚ ራውሊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንድታገኝ የቀረበውን ጥያቄ ሳይቀበል ቀርቷል፤ ያኔ የተቀመጠው መለኪያ ዝቅ ያለ ነበር። በ2017 ኤንድሩ በተባለ ተማሪ ጉዳይ ግን ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ አንጻር ተገቢ ዕድገት እንዲያመጣ ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት አለ። ስለዚህ «ንባቡ ይሻሻላል» ግብ አይደለም። «አሁን በደቂቃ 40 ቃል ያነባል፣ በዓመቱ መጨረሻ 70 ያነባል» ቢባል ግን ይለካል።

ክርክር ከመጣ፣ ከ2005 ወዲህ የማስረዳት ሸክሙ ግዛቱ በሕግ ካላዛወረው በቀር ችሎት በጠየቀው ወገን ላይ ነው፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ ነው። አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜም በመደበኛው 2 ዓመት ነው። ያ የተቀመጠ የደብዳቤ ቅጂ የሚፈለገው ያኔ ነው።

ጋዜጣው ይህን ጉዳይ ደግሞ ሲያነሣ ቢያንስ 60ውንና 30ውን ቀን እንዲያትም እጠይቃለሁ። የወላጆችን መብት የሚዘረዝረው ሰነድ በዓመት አንድ ጊዜ ለወላጅ መሰጠት እንዳለበት፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በስተቀርም ወላጁ በሚናገረው ቋንቋ መሆን እንደሚገባው አብሮ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተሰጠው ወላጅ በአማርኛ ይሰጠኝ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከአክብሮት ጋር