የመምህራችን የዕፅዋት ስብስብ ከክረምቱ በፊት ደረቅ ክፍል እንዲያገኝ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጅማ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በሙሉ፤

ከ30 ዓመት በላይ በጅማ የሥነ ሕይወት ትምህርት ያስተማሩን መምህራችን ካረፉ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ስማቸውን በዚህ ጥሪ ያልጠቀስነው፣ በሕይወት ሳሉ ምንም ነገር በስማቸው እንዳይሰየም፣ የሚሠራ ነገር ቢኖርም የዛፎቹ ስም እንዲጻፍበት አጥብቀው አደራ ስላሉን ነው። በክፍላቸው የተቀመጠ ሁሉ ግን ስለ ማን እንደምንናገር ያውቃል፤ አንድ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ፣ በጠፍር የታሰረ ጣውላና አሮጌ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው ወደ ጫካ ይወስዱን የነበሩት መምህር ናቸው።

ማስተማር በጀመሩ በዓመቱ፣ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ እንደ ብዙ እኩዮቻቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ዘመቱ። በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ተላኩ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ ከመውጣቷ በፊት በነበረው የካራማራ ውጊያ እግራቸውን ቆሰሉ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አይናገሩም ነበር። በየዓመቱ በትምህርት መጀመሪያ ቀን ግን አንድ ወረቀት ያሳዩናል፤ ከደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ በክር የተሰፋች፣ ነጫጭ እሾኋ ጥንድ ጥንድ የሆነ፣ ከስንዝር የማትበልጥ የግራር ቅርንጫፍ ናት። ከድንኳን መውጣት ባልቻሉበት ሰሞን አንድ ጓዳቸው ቆርጦ ያመጣላቸው ነበረች፤ ያ ጓደኛቸው ከዘመቻው አልተመለሰም። በእርሳስ የተጻፈባት ቁጥር 1 ነው። ስብስቡ የተጀመረው በእርሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጅማና የአካባቢዋ ነው። ከበለጠ ጌራ ደን፣ ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአዌቱ ወንዝ ዳርቻ፣ ከገበሬው የቡና ማሳ የተለቀመው ቅጠል፣ አበባና ፍሬ በጋዜጣ መካከል ተደርጎ በድንጋይ ተጭኖ፣ ጋዜጣው በየቀኑ እየተቀየረ ደርቆ በወረቀት ላይ ተሰፍቷል። እያንዳንዱ ወረቀት የተለቀመበት ቀንና ቦታ፣ የአፋን ኦሮሞ ስሙ፣ የአማርኛ ስሙ፣ ከሥሩም ስሙን የነገሯቸው ሰው ምን ይጠቀሙበት እንደነበር ተጽፎበታል። ሰሳን በአማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ገበሬው ሙካ አርባ፣ የዝሆን ዛፍ ማለት ነው፣ ብሎ እንደሚጠራው ከዚያ ወረቀት ይማራል፤ ደቃቅ ቅጠሉ ብርሃኑን አጣርቶ ለቡናው እንደሚያሳልፍ፣ ሥሩም ናይትሮጅን ለአፈሩ እንደሚሰጥ ከጎኑ ተጽፎ ያገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅለው ብርብራም አለ፤ ፍሬው ተወቅጦ በወንዝ ዓሣ ለማስከር እንደሚውል አንድ አዛውንት የነገሯቸው ቃል ከቅጠሉ ጋር ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ እርሳቸው በክፍል ደጋግመው የሚያነሱትን ምሳሌ እናቅርብ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ እሸቱን እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ከጫካው ነበር። በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን ከየደኑ ለይተው በመልኮ በሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል ፈተኑ፤ ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች የተገኙት እንዲህ ነው፤ 74 የሚለውም እናት ዛፎቹ የተመረጡበት 1974 የፈረንጆች ዓመት ነው። እነዚያ ዛፎች ቀድመው ተቆርጠው ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ ነገር አይኖርም ነበር። የት ምን እንደበቀለ የሚናገር መዝገብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ከቅጠሎቹ ጋር የወፍ ደብተሮቻቸውም አሉ። በቦዬ ረግረግ፣ በራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል የመሰለ ላባ ያላትን ረጅም እግር ወፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ እየቆጠሩ ጽፈዋል። በረግረጉ ዳር ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፈርና ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ የወፎቹ ማደሪያ በየትኛው በኩል እንደጠበበ ከእነዚህ ገጾች በላይ በዝርዝር የሚነግረን አላገኘንም።

አሁን ያለውን ችግር በግልጽ እንናገር። ባለቤታቸው እማማ ስብስቡን ለዓመታት ያቆዩት ከማጀታቸው ቆጥ ላይ፣ ነቀዝ በሚፈራው ጢስ ውስጥ ነው፤ ወረቀቶቹ ዛሬም ሲገለጡ እንጨት እንጨት ይሸታሉ። እማማ ሲደክሙ ሁለቱን ሣጥኖች ለአንድ ተቋም መጋዘን በአደራ ሰጥተን ነበር፤ ጣሪያው አፈሰሰና ስናወጣቸው ግማሹ ሻግቶ ጠበቀን። ቀድመን ሄደን ባለማየታችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አገር፣ የቀረውን ለሌላ ክረምት ባለበት መተው አንችልም።

ስለዚህ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት በፈቀደልን ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ለመሥራት ተነሥተናል። መሠረቷ ከመሬት ከፍ ያለ ድንጋይ፣ መስኮቶቿ በሁለት ወገን ወንፊት ሽቦ ያላቸው፣ ምስጥ እንዳይደርስበትም ስብስቡ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን የብረት ይሆናል። ነፍሳትን በብርድ ለመግደል ወረቀቶቹ ለቀናት የሚቆዩበት አንድ ፍሪዘር፣ እያንዳንዱን ገጽ በምስል ለማስቀረትም ስካነር ያስፈልገናል። በግቢው ጥግ ደግሞ ተማሪዎች ቅጠሉን በወረቀት ካዩ በኋላ ዛፉን በቁሙ እንዲያዩት ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራና ዶቅማ የሚፈላበት ትንሽ የችግኝ ጣቢያ ይኖራል።

በገንዘብ፣ በዓይነት፣ በጉልበትና በሙያ እንድታግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አሸዋ ያላችሁ፣ የብረት በያጆች፣ ግንበኞችና አናጺዎች፣ አንድ ቀን የምትሰጡን ሁሉ ታስፈልጉናላችሁ፤ የ50 ብር ስጦታም በደረሰኝ ይመዘገባል። የባንክ ሒሳቡ ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ አይንቀሳቀስም፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ኮሚቴው ዘወትር እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል፤ ርቃችሁ ያላችሁ በየክፍል ተወካዮቻችሁ በኩል አግኙን።

አንድ ልመና ይቀረናል። መምህራችን ወረቀቶቻቸውን ለተማሪ ማዋስ ይወዱ ነበር፤ በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት አለ። በመጽሐፍ መሐል ወይም በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት የደረቀ ቅጠል ካገኛችሁ፣ ቢሰባበርም እንኳ ከነወረቀቱ መልሱልን፤ ማን እንዳዘገየው አንጠይቅም።

የስብስቡ አስጠባቂ ኮሚቴ፣ ጅማ