በሐይቁ ዳር የቆመው መብራት

ውድ ወላጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ልጆቻችሁ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ እየተማሩ ነው። ማማው አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ይገኛል።

«ማማው ሐይቅ ዳር ምን ይሠራል? ለባሕር አይደለም እንዴ?» ያለኝ ተማሪ አለ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። ሱፒሪየር ሲቆጣ ከባሕር አይተናነስም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1905 የተነሳ አንድ ማዕበል ወደ 30 የሚጠጉ መርከቦችን ጎዳ። የመርከብ ባለቤቶች መንግሥትን ወተወቱ። ማማውም 1910 ላይ በራ።

ቦታው ያኔ መንገድ አልነበረውም። የግንባታው ዕቃ በጀልባ መጥቶ፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገደል ላይ በክሬን እየተጎተተ ነው የወጣው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጠባቂዎቹ ሥራ ነው። አንድ ዋና ጠባቂና ሁለት ረዳቶች ነበሩ። መብራቱ በላምባ ይነዳል። ፓሪስ የተሠራው ትልቅ ሌንስ የመብራቱን ጨረር ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ይልካል። ሌንሱ ሜርኩሪ በሚባል ፈሳሽ ማዕድን ላይ ተንሳፍፎ ስለሚዞር፣ መርከበኞች በየ10 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ ያያሉ። የሚያዞረው እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት ነው። ስለዚህ ከጠባቂዎቹ አንዱ በየ2 ሰዓቱ ክብደቱን መልሶ ወደ ላይ መጠምጠም አለበት። ብርድ ቢሆን፣ እንቅልፍ ቢጥል፣ ማቆም የለም። ኤሌክትሪክ የገባው 1940 ላይ ነው።

መርከቦች ዘመናዊ መሣሪያ ሲያገኙ ማማው 1969 ላይ ሥራ አቆመ። ዛሬ በቅርስነት ተጠብቆ ይጎበኛል። 1975 ላይ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለች መርከብ ከነ29 ሠራተኞቿ በዚሁ ሐይቅ ሰጠመች። በየዓመቱ ኖቬምበር 10 የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ እየተጠራ ደወል ይደወላል፤ ከዚያ መብራቱ ይበራል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ አዳራሹን አጨልመን፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሠሩትን ትንሽ ማማ ያበራሉ። ለልጃችሁ አንድ የእጅ ባትሪ ላኩልን። ከቤተሰባችሁ ደግሞ ሌሊት የሚሠራ ሰው ካለ፣ ጥበቃም ይሁን ነርስ ወይም ሾፌር፣ እባካችሁ አብሮ ይምጣ። ሌሊቱን ነቅቶ ማደር ምን እንደሚመስል ልጆቹ ከእሱ አፍ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። የሚመጣ ካለ እስከ ማክሰኞ ለክፍል ኃላፊው አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር