ለሰላማዊት፦ በተሳሳተ ቀን ስለ ጠበቅሁባቸው ዓመታት

ውድ ሰላማዊት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ለልጅሽ ክርስትና ጠርተሽኝ ሳልመጣ ከቀረሁ እነሆ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ታምሜ ነው ብዬ የላክሁብሽ ቃል እውነት አልነበረም፤ ያን ዕለት ማለዳ የወር አበባዬ መጥቶ ስለ ነበር፣ ሕፃን ታቅፌ «ለአንቺም ይድረስሽ» መባሉን የምችልበት አቅም አጣሁ። ይቅር በይኝ። ሁለተኛ ልጅ ፈልጋችሁ ስምንት ወር እንዳለፈ የጻፍሽልኝን ሳነብ ግን ከእንግዲህ ዝም ማለቴ በደል መስሎ ተሰማኝ፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ልፀንስ የምችልበትን ቀን ተሳስቼ ስጠብቅ ኖሬአለሁና።

እንቁላል የሚለቀቀው የወር አበባ ከጀመረበት ዕለት ተቆጥሮ በ14ኛው ቀን ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ግን ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት የሚሠራ ግምት ነው። ብዙም የማይለዋወጠው እንቁላሉ ከተለቀቀ በኋላ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ያለው ጊዜ፣ ወደ 14 ቀን ገደማ፣ ስለሆነ፣ የሚቆጠረው ከሚመጣው ወር አበባ ወደ ኋላ ነው። የእኔ ዑደት 34 ቀን ነው፤ 14 ሲቀነስ 20ኛው ቀን ይደርሳል። ባለቤቴ ደግሞ በእኔ ልመና ከጅቡቲ መስመር ዕረፍት የሚወስደው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነበር። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ 5 ቀን ያህል፣ እንቁላሉም ከተለቀቀ በኋላ ቢበዛ 24 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ተስፋ የነበረባቸው ከ15ኛው እስከ 20ኛው ያሉት ስድስት ቀናት ነበሩ። በ15ኛው ቀን ንጋት እርሱ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

ከዚያ የባሰው አንድ ክሊኒክ ውስጥ የደረሰብኝ ነው። በ21ኛው ቀን ደሜን ወስደው፣ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ዝቅተኛ ነው፣ እንቁላልሽ አይለቀቅም አሉኝ፤ ሰባት ወር ያንን አምኜ አለቀስሁ። ኋላ ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ የማህፀን ሐኪም አስቀድመው የጠየቁኝ የዑደቴን ርዝመት ነበር። ያ ምርመራ የሚደረገው የወር አበባ ከመምጣቱ 7 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ለእኔ በ27ኛው ቀን መሆን ነበረበት። በ27ኛው ቀን ተመረመርሁ፤ እንቁላሌ እየተለቀቀ ነበር።

አሁን የማምነው የሰውነቴን ምልክት ነው። ቀኑ ሲቃረብ የማህፀን ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ጠርቶ በጣቶች መካከል ይሳባል፤ ይህ ወጪ የለውም፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምመካበት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ እንቁላሉ ከመለቀቁ አንድ ቀን ወይም አንድ ቀን ተኩል ቀደም ብሎ የሚጨምረውን ሆርሞን ያሳያል፤ በእንቁላል ማምረቻቸው ላይ ብዙ ከረጢቶች ያሉባቸውን ሴቶች ግን ሊያሳስት ይችላል። በማለዳ ከአልጋ ሳይነሡ የሚለካው ሙቀት ከፍ የሚለው እንቁላሉ ከተለቀቀ በኋላ ስለሆነ፣ ቀኑ እንዳለፈ ይነግርሻል እንጂ አያስጠነቅቅሽም። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስትቆጥሪም ጳጉሜን አትርሺ፤ ወር አበባዬ ነሐሴ 20 በጀመረበት ዓመት ጳጉሜን ዘልዬ ቀኑ መስከረም 9 ነው ብዬ ስጠብቅ፣ መስከረም 4 ላይ አልፎኛል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲደርሱ ግን አንቆጥርም፤ ይህን ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረንበታል፣ ልቤም አያዝንበትም።

እኔ ገና አልፀነስሁም፤ ቀኑን አስተካክለን ስንጠብቅ ይህ ሦስተኛ ወራችን ነው። የአንቺ ግን ያሳስበኛል። 36 ዓመትሽ ነው፤ ከ35 ዓመት ጀምሮ ላለች ሴት ሐኪሞች የሚመክሩት ስድስት ወር ሞክራ ካልሆነላት እንድትመረመር ነው፣ አንቺ ደግሞ ስምንት ወር አልፎሻል። የመጀመሪያው ልጅ በቀላሉ መምጣቱ አያዘናጋሽ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ፤ እኛ ዘንድ ጥፋቱ ሁልጊዜ በሴቷ ላይ ይጣላል እንጂ የወንዱም ዘር ብዙ ጊዜ ምክንያት ይሆናል፣ ምርመራውም ከ2 እስከ 7 ቀን ከመታቀብ በቀር ምንም አይጠይቀውም።

ያለፉት ስድስት ወር አበባዎችሽ የጀመሩባቸውን ቀናት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድሽ በፊት አብረን እንቆጥራቸዋለን። ልጅሽን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ