ስለ ግራ ጉልበትህና ስለ 911

አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እማዬ በስልክ ያጫወተችኝን ይዤ ነው የምጽፍልህ። መኪናዋን ልትሸጣት አስበሃል አለችኝ። ፍሪሲዮን በረገጥክ ቁጥር የግራ ጉልበትህ ያሰቃይሃል፤ ሐኪሙም ይብቃህ ብሎሃል። ደውዬ ብነግርህ ገና አፌን ስከፍት ታቋርጠኛለህ። ስለዚህ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልንገርህ። ያቺን መኪና በዚህ ጉልበት ልትነዳት አትችልም። ከ1987 በፊት የተሠራች የፖርሽ 911 ካሬራ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ልማዳችን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ፍሪሲዮኗ በገመድ የሚሳብ ነው፤ ጤነኛ እግርንም ይፈትናል። እኔ ራሴ መንገድ ሲዘጋጋ ባቴ ይንቀጠቀጣል። ካምቢዮዋም ጥድፊያ አይወድም። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትቀይር እጅህ መሃል ላይ ትንሽ ይቆያል፤ ማርሹ እሺ እስኪል ትጠብቀዋለህ። ያቺን ቆም ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየኋት ሌላ መኪና ስነዳም እጄ ሳላስበው መሃል ላይ ይቆማል። የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ።

የማልስማማው በሚቀጥለው ነው። «ፍሪሲዮን የሌለው ፖርሽ ከምነዳ ጨርሶ ባልነዳ ይሻለኛል» ብለሃል አሉ። ይሄን አልቀበልህም። መከራከሪያዬንም ከሩቅ አላመጣሁም፤ ካንተው መደርደሪያ፣ ማንም እንዳይነካቸው ከምትላቸው መጽሔቶች ነው።

1967ን አስታውስ። አንተ «እውነተኛው ዘመን» የምትለው ማለት ነው፤ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ መከላከያው ቀጭን፣ መብራቱ ክብ። በዚያው ዓመት ፖርሽ ስፖርቶማቲክ የሚባል ካምቢዮ አወጣ። ግራ ፔዳል የለውም። ማርሹን የምትመርጠው አንተው ነህ፤ ዘንጉን ገና ስትነካው ግን ውስጡ ያለች ትንሽ ማብሪያ ፍሪሲዮኑን ራሷ ታላቅቀዋለች። ይሄ ለሰነፍ የተሠራ ነው እንዳትለኝ። በዚያው 1967 ኑርበርግሪንግ ላይ ማራቶን ደ ላ ሩት የሚባለውን የ84 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው 911 አር ይሄው ካምቢዮ ነበረው። ነጂዎቹ ቪክ ኤልፎርድ፣ ሃንስ ኸርማንና ዮኸን ኔርፓሽ ነበሩ። ኸርማን እኮ የአንተ ሰው ነው! በ1970 ፖርሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር አጠቃላይ አሸናፊ ካደረጉት ከሁለቱ አንዱ። ያ ሰው 84 ሰዓት ሙሉ በተሮጠበት ውድድር የግራ እግሩን ሥራ ካስፈታ፣ አንተ ጋ ሲደርስ ምኑ ነውር ሆነ?

አሁን የምትጠላው ፒዲኬ የሚባለው የፖርሽ ካምቢዮም ቢሆን ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። በ1980ዎቹ 956 እና 962 በተባሉት የፖርሽ የውድድር መኪኖች ላይ ነው የተሞከረው፤ እኩዮችሽ ናቸው ብትላት ካሬራዋ አትከፋም። በ1986 ሞንዛ ላይ ሃንስ ስቱክና ዴሬክ ቤል ፒዲኬ በተገጠመለት 962 አሸንፈዋል። ለመንገድ መኪና የደረሰው በ2008 ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቆ። አሠራሩን ታውቀዋለህ፤ ግን ልድገምልህ፣ ምክንያቱም «አውቶማቲክ» ስትል አፍህን የምታጣምመው ሌላ ነገር እያሰብክ ነው። ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ማርሾችን ይይዛል፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን። በሦስተኛ እየሄድክ ሳለ አራተኛው አስቀድሞ ተሰክቶ ይጠብቅሃል። ፍሪሲዮን የለውም ስትል ነበር አይደል? አንድ ትርፍ አለው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ካምቢዮ አይደለም መሰለኝ። አንተ የምትፈራው ክህደት ነው። ዕድሜህን ሙሉ አንድ ስም ይዘህ ኖረሃል። ጓደኛህ፣ ያ የጣሊያን መኪና ወዳጅ፣ በየጊዜው ብራንድ ሲቀያይር አንተ ንቀኸው ነው ያረጀኸው። (እሱ ግን ደስተኛ ነው፤ ይሄንንም ልብ በልልኝ።) እና አሁን ዝም ብለህ ከምትለወጥ እንደ ሐቀኛ መሸነፍ ይሻለኛል ብለሃል።

እስቲ ታማኝ የሆንክለት ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ስሙ ነው? ስሙ ራሱ ሁለተኛ ምርጫ ነው። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ 901 ነበር የሚባለው። መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የኔ ነው ብሎ ፔጆ ሲቃወም 911 ተባለ። ኩባንያው ነው? አይመስለኝም። ኩባንያው እኮ ሊገድላት ነበር። 928ን በ1977 ያወጡት እሷን ሊተካ ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ ስምንት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። ቀጥሎ ያለውን ደጋግመህ ያወራኸኝ አንተው ነህ። ፒተር ሹትስ በ1981 አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይመጣል። ዋናው መሐንዲስ ሄልሙት ቦት ቢሮ ይገባል። ግድግዳው ላይ የየሞዴሉ ዕድሜ የተሰመረበት ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ የ911 መስመር እዚያው 1981 ላይ ያበቃል። ሹትስ ማርከሩን አንስቶ መስመሩን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ከዚያም አልፎ ግድግዳው ላይ ሳበው። ይሄን ስታወራ ሁልጊዜ እጅህን በአየር ላይ ትስባለህ። ግን ልብ በል፤ ያ መስመር ባይሳብ ኖሮ ያንተም መኪና ባልተሠራች ነበር። የማትወደውም ባልመጣ ነበር። ያው አንድ መስመር ነው።

እኔ ሳስበው ታማኝ የሆንከው ለአንድ ግትርነት ነው። ሞተሩ ከኋለኛው አክስል ጀርባ ተንጠልጥሎ መቀመጡ። መንዳት ስታስተምረኝ መጀመሪያ ያስያዝከኝ ሕግ ከዚያ የመጣ ነው፤ «ፍሬንህን ኩርባው ሳይጀምር ጨርስ፤ ከገባህ በኋላ እግርህን ከነዳጁ ላይ እንዳታነሳ»። ፈርተህ በድንገት ካነሳኸው ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ ያ ከባድ ሞተር ደግሞ ጭራዋን ይዞ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ውጭ ይወረወራል። ቀስ ብሎ መግባት፣ ነዳጅ እየሰጡ መውጣት። ሲሳካ ሞተሩ ክብደቱን በኋላ ጎማዎች ላይ ጥሎ ወንበሩን ጀርባህ ላይ ይገፋዋል፤ የምትስቀውም እዚያ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ያንን ጠባይ ለማረም ከስልሳ ዓመት በላይ ለፍተዋል። ጎማውን አሰፉ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከመውን ሱስፔንሽን ለወጡ። ሞተሩን ግን ከቦታው አላነሱትም። ዛሬም እዚያው ነው።

ሌላው ሁሉ ተቀይሯል፤ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ወዳጆቿ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ትልቁ ለቅሶ የ1997 እና የ1998ቱ ነበር። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር አበቃ፣ 996 የተባለው አዲሱ 911 በራዲያተር መጣ። መብራቱን የተጠበሰ እንቁላል ብላችሁ ሰደባችሁት፤ ቦክስተር ከተባለው ርካሹ ፖርሽ ጋር ፊቱ አንድ መሆኑም አናደዳችሁ። እኔም መብራቱን አልወደውም። ግን ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊወድቅ አፋፍ ላይ እንደነበር፣ ያተረፈውም ያው የዕቃ መጋራት እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። የጭስና የጩኸት ሕግም እየጠበቀ ነበር፤ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ ለማድረግ ደግሞ አየር ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በ2002 ካየን የተባለው የፖርሽ ጂፕ መጣ። አኮረፍክ። በ2024 ደግሞ ባለ ሃይብሪዱ 911። እሱን እንኳ አናንሳው።

የምትመልስልኝን አውቃለሁ። «ጂቲ3ስ?» ትለኛለህ። ልክ ነህ። በ2013 ጂቲ3፣ ወደ ውድድር መኪና የቀረበው 911፣ በፒዲኬ ብቻ ሲወጣ ነጂዎቹ ጮኹ። ኩባንያውም ሰማ። በ2016 ባለ ማኑዋሉን 911 አር በ991 መኪና ብቻ ሠራ፤ በዓመቱ ጂቲ3ም ማኑዋል ተመለሰለት። ይሄ ድል የእናንተ ነው። ሦስት ፔዳል ያለው መኪና የበለጠ ያስደስታል ስትል እኔም አብሬህ ነኝ። ጉልበት ያለው ማኑዋሉን ይንዳ። እኔ የምከራከረው «ወይ ማኑዋል፣ ወይ ምንም» የሚለውን ነው። ያንን ካንተ ሌላ ማንም አላለም፤ ፖርሽም አላለም፣ ኸርማንም አላለም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸውልህ። ካሬራዋ አትሸጥም። እኔ እወስዳታለሁ። በሳምንት አንዴ አስነሳታለሁ፣ በደንብ ሳትሞቅ ዙሩን ከፍ አላደርግም፤ ዘይቷንም ሜዳ ቦታ አቁሜ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ እለካለሁ። ጠፍቶ የሚለካ ሰው ስታይ እንዴት እንደምትሆን አልረሳሁም። ስትፈልግ አብረን እንወጣለን፤ አንተ ጎን ትቀመጣለህ፣ ማርሽ ስቀይር ትተቻለህ። በነጻ የምታገኘው ደስታ ነው።

ላንተ ደግሞ አንድ 997፣ ከ996 ቀጥሎ የመጣውን 911፣ አግኝቻለሁ። ሁለተኛው ትውልድ ነው፣ ከ2008 ወዲህ ያለው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ሳልነግርህ ይገባሃል፤ ግን ልዘርዝረው። ክቡ መብራት ተመልሷል። ካሬራው ገና ቱርቦ አልተገጠመበትም፤ ነዳጅ ስትረግጥ ወዲያው ይሰማሃል። መሪው በዘይት ግፊት የሚታገዝ ነው፤ በኤሌክትሪክ የተተካው በቀጣዩ ሞዴል ላይ ስለሆነ የአስፋልቱ ነገር አሁንም እጅህ ላይ ይደርሳል። አምስቱ ሰዓቶች በቦታቸው ናቸው፣ የዙር መቁጠሪያው መሃል ላይ። ቁልፉም በግራ። ካምቢዮው ፒዲኬ ነው። ሞተሩ የት እንዳለ አልነግርህም።

የመኪናው ባለቤት ለቅዳሜ ጠዋት ሞክሩት ብሎናል። ሶሉ ስስ የሆነውን ጫማህን አድርግ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የግራ እግርህን ወደ ኋላ ሰብስበህ ተቀመጥ። ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው መኪናው ሊቆም ሲል ግራ እግሩ ራሱ ፔዳል ፍለጋ ይሄዳል፤ የሚያገኘው ደግሞ ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ነው። ያኔ ሦስታችንም ከመስተዋቱ ጋር እንላተማለን። ባለቤቱ ከፊት ካንተ ጎን ይቀመጣል። እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ጠቦኝ በነበረው የኋላ ወንበር ላይ እታጠፋለሁ፤ ስለዚህ እባክህ አጭር መንገድ ምረጥ፣ ኩርባ ያለው።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ